ሪሲቨሩ የበላው ምርቃት

ሰኞ

ጠፋ! የሠርጋችን ቪዲዮ ያለበት ሃርድ ዲስክ ባዶ ሆኗል። ሪሲቨሩ ላይ ሲሰካ በእንግሊዝኛ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠይቋል። ሪሞቱ አባዬ እጅ ነበር፤ «ኦኬ» የሚለውን ተጫነው። «ሁልጊዜ እሱን ስንጫን ነበር የሚከፍትልን» አለች እማዬ።

አምና ስትሮክ ከመታው ወዲህ አባዬ የቀረችው አንድ ቃል «እሺ» ናት። ምሳ ይቅረብ? እሺ። አመመህ? እሺ። ድምፁን የምንሰማው እዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነበር፣ ጉልበቱን ስመን ሲመርቀን።

«ምን ነካህ?» ብዬ ጮህኩበት። «እሺ» አለኝ። በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

የቀረጸንን ልጅ ፈለግሁ። ፒያሳ የነበረው ስቱዲዮው ፈርሷል፣ ስልኩም አይሠራም። ባሌ ሳሚ «ይገኛል፣ ተረጋጊ» ይላል። እርጋታው ራሱ ያናድደኛል።

ጭራሽ ሌላ ጉድ ሰማሁ፦ ከፎርማቱ በኋላ አባዬ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ነክቶ ዲስኩ ላይ ኳስ ተቀድቶበታል።

አባዬን እስካሁን በደንብ አላነጋገርኩትም።

ረቡዕ

ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ ኮምፒውተር የምትጠግን ትዕግሥት የምትባል ልጅ አለች። ዲስኩን ወሰድኩላት።

«ኳሱ ያረፈበት ቦታ የነበረው አይመለስም። የቀረውን እሞክራለሁ» አለችኝ።

«ምርቃቱ ላይ ያረፈ እንደሆነስ?»

«እሱን እንግዲህ ጸልዪ።»

ወርጄ ማኪያቶ አዘዝኩ። ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ዓርብ

ፋይሎቹ መጡ! ስማቸው ግን ጠፍቶ ሁሉም ቁጥር ብቻ ሆነዋል። አጠገቧ ተቀምጬ አንድ በአንድ ከፈትን። ኬክ ቆረሳው አለ። የሚዜዎቹ ጭፈራ አለ። አጎቴ ክትፎ ሲበላ ደግሞ ከነጉርሻው ሙሉ በሙሉ ተርፏል፤ ኳሱ እሱን ቢበላው ምን ነበረበት!

በመጨረሻ የአባዬ ፊት ብቅ አለ። «መሃል ላይ ይቆረጣል፣ ይኸው ነው የተገኘው» አለች ትዕግሥት። ብቻዬን ላየው አልፈለግሁም፤ ዘጋሁት።

ቅዳሜ

መጀመሪያ ቪዲዮውን ሁለት ቦታ ገለበጥኩት። ከዚያ ላፕቶፑን አባዬ ፊት አኖርኩ። ሪሞቱን እማዬ ደብቃዋለች።

ያ ወፍራም ድምፁ መጣ። «ወልዳችሁ ሳሙ። ቤታችሁን እንግዳ አይጥፋው። ኩርፊያ ቤታችሁ አይደር…»

ምስሉ ደረቀ። የቀረው ምርቃት የለም፤ «አሜን» ያልንበትም የለም። ከሰኞ ጀምሮ እኔ እዚሁ ቤት ኩርፊያ ሳሳድር ነው የሰነበትኩት።

ተነሥቼ ጉልበቱን ሳምኩት። «ይቅር በለኝ አባዬ» አልኩ።

ደህናውን እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። «እሺ» አለ።

«አሜን!» አለች እማዬ ከኋላ።