የመቋሚያዬ ልክ እና የወንዙ አፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱፤ ከጠዋቱ ፪ ሰዓት

መቋሚያውን ወደ ውኃው አወረድሁ። ውኃው ከሦስተኛው ምልክት ሁለት ጣት በላይ። ነፋስ ከደቡብ። ጉልበቴ ዛሬም አልታዘዘኝ፤ ከጀልባ ማቆሚያው እንጨት ላይ ጎንበስ ብዬ ቀና እስክል ሁለት ጊዜ ስመ ሥላሴ ጠራሁ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ የምታውቂውን ልድገምልሽ፤ ደክሞኛልና መድገም ይቀለኛል። ልጄ ሰብለ ዘወትር ማክሰኞ በዚህ በስደት አገር ከምንኖርበት ሰፈር ከፖይንት ኩክ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እዚህ ታወርደኛለች፤ የዌሪቢ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አፍ ላይ። ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መቋሚያ ለካሁ። ታቦታችን ለጥምቀት የሚወርደው እዚሁ ነው። ወንዙ እየደከመ ነው የሚሉ ሲነሡ፣ በሰ/ጉባኤው ፊት ደብተሬን ገልጬ አልጎደለም ያልሁ እኔ ነኝ። ባለፈው ጥምቀት ውኃው የገቡ ሕፃናት ግን ገላቸው ሽፍ ብሎ ሲያክኩ ሰነበቱ። ሊቀ መንበሩ አቶ ግርማ ዘንድሮ በቤ/ክ ግቢ የፕላስቲክ ገንዳ እንሙላ ባይ ነው። ቅዳሜ ፳ ይወሰናል። የሚፈስ ውኃ እያለ ገንዳ!

ልሄድ ስል አንዲት ሴት በትንሽ ጀልባ መጥታ ቆመች። ዘሃራ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ፤ ሥራዋ የወንዙን ውኃ መመርመር። መቋሚያዬን ከነእርጥበቱ አየችና፣ «አባባ፣ ባሕሩን ሊከፍሉት ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ደብተሩን አሳየኋት። ብዙ ገጽ ገለጠች። ከዚያ በትሕትና የነገረችኝ ይህ ነው፦ እዚህ ቦታ ከፍ ዝቅ የሚለው ወንዙ አይደለም፤ ባሕሩ ነው። ባሕሩም ጨረቃን ይከተላል። ወንዙ ሲያንስ ባሕሩ ገብቶ ስፍራውን ይሞላለታል። ስለዚህ ልኬ ስለ ወንዙ ምንም አይናገርም።

ደብተሩን ከእጇ ተቀበልሁ። አመሰግናለሁ አላልሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲

ቁጣ ሳይሆን ድካም። ጸሎቴን አጋመስሁት። ጨረቃ ያለችው ቃል አልለቅ አለኝ። ባሕረ ሐሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የጨረቃን ሌሊት በጣት አንጓ ቆጥሬ ጾምና በዓል ያወጣሁ። ለእኔ ስለ ጨረቃ ይነገረኛል?

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፪፤ ከቀኑ ፱ ሰዓት

ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሁ። በእያንዳንዱ ማክሰኞ አጠገብ የጨረቃዋን ዕድሜ አስልቼ ጻፍሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ስጨርስ እጄ ቆመ። ሠርቀ ጨረቃ ሲሆን ውኃው ላይ ነው። ሙሉ ስትሆንም ላይ። በግማሿ ታች። አንዱ ሳምንት ከፍ፣ አንዱ ሳምንት ዝቅ፤ እንደ ቀኝና ግራ መዘምራን ሲቀባበል። ይህን ሁሉ ነፋስ ብዬዋለሁ። ሰዓቱን አንድ ማድረጌ ልኩን ያጸናልኝ መስሎኝ ነበር፤ ያሳሳተኝ እርሱ ነው። ጨረቃ የእኔን ሰዓት አትጠብቅም።

ሌላ ዓመት ሞከርሁ። ያው። ሰብለ፣ አባዬ ይብሉ እንጂ፣ ምሳዎ ቀዘቀዘ፣ አለችኝ። ጨረቃ እየቆጠርሁ ነው አልኋት። በቀን? አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፮

መቋሚያውን ቤት ተውሁት። ዘሃራ ወንዙ ላይ ነበረች። ስላለፈው ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርሷ ደግሞ በጀልባዋ ለእኔ ሥፍራ አበጅታ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ጠርሙስ በገመድ ወደ ታች ሰደደች፤ ሌላ ከላይ ቀዳች። የወንዝ ውኃ ቀላል ነውና ከላይ ይንሳፈፋል፣ የባሕሩ ከብዶ ከሥር ይገባል አለች። ጨውን የሚለካ መሣሪያ አላት፤ ለእኔ ብላ ግን የላይኛውን በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ጾም ነውና እኔ አልቀመስሁም። ፊቷን አጨማደደችልኝ። የላይኛውም ጨው ነው።

ድሮ ወንዙ በጉልበቱ ባሕሩን ወደ ውጭ ይገፋው ነበር። ዛሬ ከላይ ግድብ አለ፣ የአትክልት እርሻ አለ፣ ዝናቡም እንደ ቀድሞው አይመጣም። ባሕሩ ሽቅብ ይወጣል፤ በእንግድነት ገብቶ አልጋውን እንደ ያዘ ሰው። በበጋ ውኃው ይተኛል፣ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ሕፃናቱን ያሳከካቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም አለች።

ይመለሳል ወይ? አልኋት። አላታለለችኝም። ትልቅ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ቀን ይጠራል፣ ከዚያ ያው ነው። በዓመታት ብዛት እያነሰ ነው የመጣው። «ዝናብ ስንለምን እኛም እናንተም ሽቅብ ነው የምናየው፣ አባባ። ግድቡን የሚከፍተው ግን ሰው ነው።»

ደብተሬ ለባሕሩ ጥሩ መዝገብ ነው ብላ አጽናናችኝ። ይህ ደግሞ የባሰ አደከመኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፰

ምንም አልጻፍሁም ማለት ይሻላል። ለሰ/ጉባኤው እውነቱን ብነግር ወደ ወንዝ መውረዱ ይቀራል። ታቦት ወጥቶ ወደ ቤ/ክ መኪና ማቆሚያ። ዝም ብል እናቶቹ አሁንም ያምኑኛል። ልጆቹን ያስገባሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳፤ ከቀኑ ፯ ሰዓት

ነገርኋቸው። ደብተሩን ገልጬ፣ የጨረቃዋን ዕድሜ አሳይቼ፣ የለካሁት ወንዙን አልነበረም አልሁ። አንዱ ሳለ። ግርማ እንኳን ደስ አላለውም፤ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ገንዳው ጸደቀ።

ግርማ በር ላይ ተከትሎኝ ወጣ። «መሪጌታ፣ ለሕዝቡ ወደ ወንዙ መውረጃ ፈቃዱ፣ ፐርሚቱ፣ አልተገኘም እንላለን። ስምዎ አይነሣም። በዚህ ዕድሜዎ ምን ያደርግልዎታል?» ደግ ሰው ነው። ቃሉ እንደ ትራስ ለሰለሰኝ። ላስብበት አልሁ።

ዛሬውኑ፣ ፲፩ ሰዓት

አሰብሁበት። ፐርሚት ቢባል ሕዝቡ ለከርሞ ወደዚያው ልውረድ ይላል። ውኃው ደኅና ነው የሚለው ቃሌ እንደ ቆመ ይቀራል። ለሕዝቡ የሚያስታውቁትን ካህናት አላስዋሽም። ነገ ጽዮን ናት፤ ሰው ይበዛል። ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ እናገራለሁ፦ የለካሁት ባሕሩን ነበር፤ ወንዙ ደክሟል፤ ልጆቻችሁን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ። የሚሉኝን ቆሜ እሰማለሁ።

ግርማ ዘንድ ደውዬ ይህንኑ ነገርሁት። እሺ፣ መሪጌታ፣ አለ።

ገንዳውን ለመሙላት ስንት ሰው እንደሚያስፈልገው ጠየቅሁት። እኔንም ቁጠረኝ አልሁ።