እማማ በርጩማ፦ ለውሾች ቤት ሲፈልጉ የኖሩት እናታችን የሕይወት ታሪክ

ሰፈርተኛው ሁሉ እማማ በርጩማ እያለ የሚጠራቸው እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አዋላጇ ለሰው ሁሉ ሲደርሱ ኖረው ለራሳቸው ምጥ የሚደርስላቸው ጠፋ፤ ስለዚህ ሕፃኗን የተቀበሉት አናጢው ናቸው። አባትየው በኋላ ዘመን “ከእጄ ከወጣው ሁሉ ያልተወላገደች እሷ ብቻ ናት” ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በስፌት ሙያ ሠለጠኑ። በሆስፒታል ስፌት ክፍል ተቀጥረውም ጡረታ እስኪወጡ አንሶላና ጋውን ሲሰፉ አገለገሉ። በ1967 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ መኪና የገጨው ቡችላ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ወድቆ አገኙ። ዘበኛው፣ ሆስፒታሉ የሰው መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው። እሳቸውም ቡችላውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለው ወደ ቤት ይዘውት ሄዱ። ባለቤታቸው በልጅነታቸው ውሻ የነከሳቸው ሰው ነበሩና ትዳሩ ተናጋ። ነገሩ ሽማግሌ ሳያስፈልገው ያለቀው በአንድ ቃል ነው፦ “ውሻው ይግባ፤ እኔ ግን አላየሁትም።”

ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው ሳያዩ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። ሳያዩ የውሻ ቤት በቆርቆሮ ከደኑ፤ ሳያዩ አጥንት በማዳበሪያ ተሸከሙ፤ የታመመ ሲኖርም በአውቶቡሳቸው የኋላ ወንበር አስተኝተው፣ ሳያዩት፣ ከእንስሳት ሐኪም ደጅ አደረሱት።

እማማ በርጩማ ጡረታ ሲወጡ ግቢው የተጣሉ ውሾች መጠለያ ሆነ። ጠዋት ሩዝና አጥንት ይቀቅላሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፣ አንሶላ በቀደዱበት መቀስ የተቋጠረ ጠጉር ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ቤት ፍለጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ውሻ ፈላጊ ይመጣል። በእሳቸው ግቢ ግን ሰው ውሻ አይመርጥም፤ መራጩ ውሻው ነው። እንግዳውን አባታቸው በሠሩት፣ አንድ እግሩ በሚነቃነቅ በርጩማ ላይ አስቀምጠው “ዝም ይበሉ፤ እግርዎን አያንቀሳቅሱ” ይሉታል። አንዱ ውሻ መጥቶ አገጩን እንግዳው ጫማ ላይ ካሳረፈ አለቀ። ካላሳረፈ እንግዳው በሰላም ይሸኛል።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነጭ ቡችላ ሊወስዱ ቢመጡ፣ በሦስት እግሩ የሚሄድ ጥቁር አሮጌ ውሻ መረጣቸው። ቅር እያላቸው ይዘውት ሄዱ፤ ዛሬ ስልካቸው ውስጥ ከእሱ ፎቶ ሌላ የለም። ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን ደግሞ ከሥራ በቀጥታ መጥተው ቢቀመጡ የግቢው ውሻ በሙሉ እግራቸው ላይ ተደረበ። እማማ በርጩማ ምርጫውን ሰርዘው፣ ታጥበውና ልብስ ቀይረው እንዲመለሱ አዘዟቸው። ታጥበው ሲመለሱ አንዲት ብቻ ቀረበቻቸው፤ እስከ ዛሬም አብራቸው አለች።

ማንንም ያልመረጠው ዳኛው ብቻ ነው። ዳኛው ግንባሩ የተኮሳተረ ትልቅ ውሻ ሲሆን፣ እንግዳውን ከእግር እስከ ራስ ገምግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቡችላ ሆኖ ገብቶ በግቢው ሸበተ።

ባለፈው ዓመት የእማማ በርጩማ ኩላሊት ሲደክም ሐኪሞቹ ዕረፍት አዘዙ። እሳቸው ግን አልጋ ላይ ሆነው እየደወሉ ውሾቹን አንድ በአንድ ቤት አስገቡ። ዳኛው ብቻ ሲቀር ጭንቀታቸው በረታ። ልጆቻቸው እንውሰደው ሲሉ “እናንተን አይቶ ፊቱን ካዞረ ቆይቷል” ብለው እምቢ አሉ። ሕመሙን ትተው፣ ይህን ውሻ ለማን ጥዬው ልሂድ ማለት ብቻ ሆነ ነገራቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው መድኃኒት ሊሰጧቸው ሲገቡ ወንበሩን ሁሉ ጠያቂ ይዞት ስለነበር፣ የተረፈው በርጩማው ነው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ተቀምጠውበት አያውቁም። ተቀመጡ። ዳኛው ከበሩ ሥር ተነሣ፤ ቀስ እያለ መጥቶም አገጩን ጫማቸው ላይ አሳረፈ። ባለቤታቸው ዝቅ ብለው አዩት።

“ይሄ ውሻ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ቤት ያለው?” አሉ።

“ዝም በል፤ እግርህን አታንቀሳቅስ” አሉ እማማ በርጩማ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ውሻ ተጨንቀው አያውቁም። እንቅልፋቸውም ተመለሰ። በተወለዱ በ70 ዓመታቸው፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ልጆቻቸውና ባለቤታቸው በዙሪያቸው እንዳሉ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በየሰዉ ሶፋ ላይ የተንጋለሉትንም ሁሉ ትተውልን ሄደዋል። ዳኛው አሁን ከባለቤታቸው እግር ሥር ተኝቷልና፣ ለማጽናናት የምትቀርቡ ጅራቱን እንዳትረግጡ አደራ እንላለን።

ለሌላው ቤት ሲፈልጉ ዕድሜያቸውን ለፈጸሙት እናታችን፣ ፈጣሪ እሳቸው ቢፈልጉም የማያገኙትን ያማረ ቤት ይስጥልን፤ ደጃፉም ተቀባይ አይጣ።