ለሐሙስ አጥቢያ

ውድ ልጄ ሌንሳ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የጉሮሮሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም የጠመኔ አቧራ እየዋጥሽ ታስተምሪያለሽ? ባለቤትሽ ማናሴ ደህና ነው? የልጅ ልጄ አያንቱስ አደገች? የጅግጅጋ ንፋስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን፤ እሱም ቢሆን ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ ልማዱ ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። በስልክ ስቆጣ ኔትወርክ ተቋረጠ ትይኛለሽ፤ ደብዳቤ ግን አይቋረጥም።

ለባቱ ሽንኩርት ገበሬዎች የውኃ ተራ የሚያደላድል ፕሮግራም መጻፌን ነግሬሻለሁ። ያላቸው አንድ ፓምፕ ነው፤ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ ለእያንዳንዱም ተራው በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። ባለፈው ሳምንት ለጉዲቱ «ሐሙስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚል ደረሳት። ይህች ሴት ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታርሰው። ሐሙስ ውላ አምሽታ፣ ሌሊት ማሳዋ ላይ ብትወርድ ውኃው ካለፈ ድፍን አንድ ቀን ሆኖታል። ለኮምፒዩተሩ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነውና፣ ሐሙስ ያለው ረቡዕ መሽቶ ሐሙስ ሳይነጋ ያለውን ሌሊት ኖሯል።

ቅዳሜ አዳማ ድረስ መጣችብኝ። ቁጭ በይ ብትባል እምቢ ብላ፣ ኦቦ መርዳሳ፣ የእርስዎ ሐሙስ የት አገር ነው የሚነጋው? አለችኝ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም አልኳት። እንግዲያው ሄደው ለሽንኩርቴ ይንገሩት አለች። እናትሽ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ገባች። ሽንኩርቱ በሳምንት አንዴ ነው የሚጠጣው፤ የፊታችን ሐሙስም ካመለጣት ማሳው አለቀ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ብዙነህ ደግሞ ደውሎ፣ የማሽንዎን ነገር ይተዉልን፣ እንደ ድሮው በዕጣ እንሠራለን አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አበጠርኩት። ስህተት የለበትም! እንዴት እንደሚያናድድ ታውቂያለሽ? ስህተት ባገኝ አርሜ በተገላገልኩ። ከሬዲዮ ጥገና ተነስቼ፣ ያለ አስተማሪ፣ በመዝገበ ቃላት እየተረዳሁ እዚህ የደረስኩት ማሽን አይዋሽም ብዬ ነው። በሕይወቴ ከእኔ የባሰ ግትር ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው፤ ለዚህም እወደዋለሁ። አንቺ ግን አንዴ፣ አባዬ፣ በሒሳብ ብዙውን ጊዜ ጉድ የሚሠራን ማንም ያልጻፈው መነሻ ነው ብለሽኛል። ይኸው ሠራኝ። ቀን መቼ ይለወጣል ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ጉዲቱን አልጠየቅኳትም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ለሐሙስ አጥቢያ» ብለው ቢጽፉት ሕፃንም ይገባው ነበር አለችኝ። አፍ ከፈታሁበት ቀን ጀምሮ የማውቀው ቃል!

ቃሉን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቻለሁ። ብዙነህ በዕጣ ሊሠራ ከፈለገ ከሚቀጥለው ሳምንት ይጀምር፤ የዚህ ሳምንት ተራ ግን በእኔ ፕሮግራም ነው የሚሄደው። ይቅርታ የሚባለው ነገር እንደሆነ ከአፌ አልወጣም፣ ታውቂኛለሽ። ረቡዕ ግን ባቱ እወርዳለሁ። ጉልበቴ እንደፈለገ ይጩህ፤ ለሐሙስ አጥቢያ ፓምፑ አጠገብ ቆሜ ጉዲቱን እጠብቃታለሁ።

ማናሴን በርታ በይልኝ፤ ጉሮሮሽን ዝንጅብል እንዲያፈላልሽም ንገሪው። አያንቱን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ሰዓት መቁጠር ከጀመረች ከንጋት አስጀምሪያት። እናትሽ እልፍነሽ፣ የአባትሽ ሐሙስ ገና አልነጋም በላት እያለች፣ እየሳቀች ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ መርዳሳ
አዳማ፤ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.