የጎረቤቴ የክሌም ሊኑክስ

ኦገስት 4
ነፋስ። ልብስ አሰጣሁ፣ ለቀምኩ፣ እንደገና አሰጣሁ። ከሰዓት በኋላ የከተማችንን ወርሃዊ ጋዜጣ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ፣ እሱም ግማሹ የቀብርና የዓሣ ማጥመድ ወሬ ነው። ለማንኛውም በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ታትሞ መውጣት አለበት።

ያ ማስታወቂያ ኮምፒውተሬ ላይ ዛሬም ብቅ አለ። ከኦክቶበር በኋላ ይህ ማሽን የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም ይላል። አዲሱን ሥርዓት ለመጫን ደግሞ ያረጀ ነው። በጣም በትህትና ነው የሚናገረው... ልክ መጥፎ ዜና እንደያዘ ሐኪም። «ሌላ ጊዜ አስታውሰኝ» የሚለውን ተጫንኩ።

ኬሪን ጋ ደወልኩ።
«እማዬ፣ አዲስ ግዢና ተገላገይ።»
«ይሄ ምን ሆነ? ይሠራል እኮ።»
«አርጅቷል።»
«እኔም አርጅቻለሁ።»
ዝም አለች። ልጄ መሆኗን እወዳለሁ፣ ያቺን ዝምታዋን ግን አልወደድኳትም።

ኦገስት 7
ስህተት ሠራሁ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ለክሌም ሮዳ የኮምፒውተሬን ጉዳይ ነገርኩት።

ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲዘረጋ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አንድ ነው። ሊኑክስ። ማንም ሰው ሊጭነው የሚችል፣ በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የኮምፒውተር ሥርዓት። ለቄሱ ነግሯቸዋል። ለጥርስ ሐኪሙም ነግሮታል፣ አፉን ከፍቶ እንደተኛ ነው አሉ። እዚህ ከተማችን ዋላሩ ውስጥ ክሌምን ከሩቅ አይቶ መንገድ ያልቀየረ ሰው የለም። እኔም ቀይሬ አውቃለሁ።

«ነፃ ነው» አለኝ።
«ሰማሁ።»
«ነፃ ስልሽ የማይከፈልበት ብቻ ማለቴ አይደለም። ነፃነት ማለቴ ነው። ገብቶሻል?»
የገባኝ ምሳዬ እጄ ላይ እየቀዘቀዘ መሆኑ ነበር።

ኦገስት 8
ነፃ... ድመቴም በነፃ ነው የመጣችው፤ ወጪዋን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ኦገስት 15
ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ፍላሽ በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ። ላዩ ላይ «ሎርና። ሳትጭኚው ሞክሪው» ይላል። ፊደሉ ግን! አንዱ ፊደል የአውራ ጣቴን ያህላል። ወረቀት ላይም ይጮኽብኛል ማለት ነው?

መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ኦገስት 20
ማስታወቂያው ዛሬ ሁለት ጊዜ መጣ። ኬሪንም ደወለች። የመረጠችልኝን ኮምፒውተር ፎቶ ልካልኛለች። ቀጭን ነው፣ ያምራል። «ሁሉንም ነገር ራሱ ያደርግልሻል» አለችኝ። እኔስ ምን ላደርግ ነው ታዲያ?

እንግዲህ ወይ የልጄን ምክር እሰማለሁ፣ ወይ የክሌምን። ከሁለቱ የትኛው ተሸንፎ ቢያኮርፍ ይሻለኛል? በዚህ መንገድ ይወሰናል እንዴ... ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ኦገስት 23
ፍላሹን አወጣሁ። መጀመሪያ ግን ክሌም ጋ ሄድኩ፤ ቢያንስ አጠገቤ ቁጭ ይበል ብዬ። በሩን ገርበብ አድርጎ እዚያው ቆመ። ግቢ እንኳ አላለኝም።
«መጥተህ ታሳየኝ?»
«ራስሽ ሞክሪ። እንደዚያ ነው የሚለመደው።»
ዘጋው።

አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ሲሰብክ ኖሮ፣ አንድ አማኝ በእግሯ ብትመጣለት በር ይዘጋባታል። ተናድጄ ተመለስኩ። ሞከርኩት ደግሞ በንዴት ነው፤ አይሠራም ብዬ ልነግረው።

ሠራ። ፍላሹን ሰካሁ፣ ማሽኑን አጠፋሁ፣ አበራሁ። አዲስ ገጽ መጣ። ፎቶዎቼ አሉ፣ ኢንተርኔቱ አለ፣ ጽሑፍ መጻፊያውም አለ። ምንም የሚያስፈራ ነገር ባለመኖሩ ትንሽ ቅር አለኝ።

ማተሚያው ግን ድምፁን አጠፋ። ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ ለመንኩት። ምንም። ጋዜጣው ሊወጣ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። በቃ፣ የኬሪንን ምክር ልስማ መሰለኝ።

ኦገስት 26
ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ዛሬ የሆነውን በተራ ልጻፈው።

ጠዋት የማተሚያዬን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ሰዎች ችግራቸውን የሚጽፉበት፣ ሌሎች የሚመልሱበት አንድ ገጽ ተከፈተ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት የፔሩ ሴት ይህንኑ ማተሚያ ይዛ እንደኔ ተቸግራለች። አንድ ሰው መልሶላታል።

«ያጠፋሽው ነገር የለም። ይሄ ማሽን ትንሽ ግትር ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት የስልክ እንጨት ላይ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁልጊዜ ከቀላሉ እጀምራለሁ። አንድ በአንድ እንሂድ። ስትደክሚ እረፊ፣ እኔ የትም አልሄድም።»

የጸሐፊው ስም ሮዳ-ዋላሩ።

የዋላሩ ሮዳ አንድ ነው።

ያላትን አንድ በአንድ አደረግኩ። አምስተኛው ላይ ማተሚያው አጉረመረመ፣ ከዚያ ወረቀቱን ተፋው። ወረቀቱን ይዤ ወጥ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ሳነብ ዋልኩ። ከሁለት ሺህ በላይ ለሚሆኑ ጥያቄዎች መልስ ሰጥቷል። ለተሳደበው ሳይቀር በትዕግሥት። አንድም ቦታ ስለ ነፃነት አልሰበከም። ይሄ ሰው ሠላሳ ዓመት ከአጥሬ ማዶ ሲኖር የት ነበር? ወይስ እኔ ነኝ ያልነበርኩት?

የመጨረሻ መልሱ ያለፈው ዲሴምበር ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት የሌሎች ሰዎች ናቸው። «ሮዳ የት ጠፋ?» «የሚያውቀው ሰው አለ?» «በሕይወት አለ?»

ኦገስት 27
ገጾቹን አትሜ ሄድኩ። በሩን ገርበብ ሲያደርግ በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ቤት ሰብሬ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ፎጣ ጣል ተደርጎበታል። ፎጣው ላይ አቧራ።

«ሰዎች ሞቷል ወይ እያሉ ነው» አልኩት። ወረቀቱን ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ ወደ ጎን አዞረው፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።
«አንብቢልኝ» አለ።

የዓይኑ መሃል አያይም። የሚያየው በጠርዙ ብቻ ነው።
«አሁን ሳይሽ ፊትሽ የለም። ፀጉርሽና ጆሮሽ ግን አሉ።»
«የሚሻሉት እነሱ ናቸው።»
ሳቅ አላለም።

«ያ ነፃነትህ አይናገርም እንዴ? ጽሑፍ የሚያነብ ነገር የለውም?»
«አለው። ሞከርኩት። ድምፁ የድሮ አለቃዬን ይመስላል።»
«ፍላሹንስ እንዴት አዘጋጀኸው?»
«ዓይኔ ደህና ሳለ ነው። መሳቢያ ሙሉ አለ። የሚወስደው ጠፋ።»
«ለምን አልነገርከኝም?»
«ለማን ልንገር? አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ ይሮጣል።»
«ስለ ሊኑክስ ስታወራ ነዋ የምንሮጠው።»
«ሌላ የማወራው ምን አለኝ?»

ሻይ አፈላሁ፤ በገዛ ቤቱ እኔ። ከዚያ የሰዎቹን ጥያቄ ሁሉ አነበብኩለት። «በሕይወት አለ?» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ኦገስት 30
ወሰንኩ። የድሮው ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፣ ይሄ ይጫን። የኬሪንን የልጅነት ፎቶዎች ሁለት ቦታ ገለበጥኳቸው፤ ክሌም ሦስት አለ፣ ሦስት አደረግኳቸው። አጠገቤ ተቀመጠ።

«አሁን ምን ይላል?»
«ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል።»
«ነሽ?»
«አይደለሁም።»
«እዚህች ጋ እርግጠኛ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም። ተጫኚው።»
ተጫንኩት።

ሴፕቴምበር 1
ጋዜጣው ታትሞ ወጣ። ዳቦ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ የጀልባ ክበብ አደረስኩ። ልዩነቱን ያስተዋለ አንድም ሰው የለም። በገጽ ሁለት ያለውን የፊደል ስህተት ግን ስድስት ሰው ነገረኝ።

ለኬሪን ደወልኩላት። «ራስሽ ጫንሽው? አንቺ?» አለች። በዚህኛው ዝምታዋ ደስ አለኝ።

ሴፕቴምበር 12
ክሌም ማክሰኞና ዓርብ፣ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ጥያቄዎቹን አነባለሁ፣ ይናገራል፣ እጽፋለሁ። መጀመሪያ የጻፍነው «አልሞትኩም» የሚል ነው። በሁለት ቀን አርባ አንድ ሰው መለሰ። ስነግረው መስኮቱን ማየት ጀመረ። መስኮቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ሲናገር ይረዝማል። አሳጥራለሁ።
«ቆረጥሽው አይደል?»
«ዓይንህ አያይም ብለኸኝ።»
«ጣትሽ ቶሎ ቆመ። ጆሮ አለኝ።»

ሴፕቴምበር 30
ባለፈው ዓርብ ክሌም ለዓይኑ መርፌ አዴሌድ ከተማ ሄዶ ሳለ የአንድ የቶንጋ አስተማሪ ጥያቄ መጣ። ኮምፒውተሩ ድምፅ አልሰጥ ብሎታል፣ ሰኞ ለተማሪዎቹ ሊያሰማው የሚፈልገው ነገር አለ። ክሌምን ልጠብቅ አልኩ... ግን መልሱን አውቀው ነበር። ከየት እንዳወቅኩት እንጃ። ጻፍኩለት፣ በክሌም ስም።

ዛሬ ምላሹ ደረሰ። አነበብኩ። «ድምፁ መጣ። አመሰግናለሁ፣ አቶ ሮዳ።»
«መቼ ነው የመለስኩለት?» አለ ክሌም።
«ዓርብ።»
«ዓርብ አዴሌድ ነበርኩ።»
«አዎ።»
«ምን አልኩት?»
የጻፍኩትን አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስህተት እስኪያወጣልኝ ጠበቅኩ።
«እኔ ብሆን ስለ ነፃነት ጥቂት እጨምር ነበር» አለ።
«ለዚህ ነው ያልጠበቅኩህ።»

ሳቀ። ትከሻው እስኪነቃነቅ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና በራስሽ ስም መለያ ክፈቺ አለኝ፤ በሰው ስም መመስገን ነውር ነው። ስሜን ሞላሁ። ሎርና የሚለው ተይዟል አለ ማሽኑ። አንዲት ሌላ ሎርና ቀድማኛለች ማለት ነው። ሎርና-72 ብዬ እየተናገርኩ ጻፍኩ፣ ተቀበለ።

«የዛሬ ዓመትስ?» አለ ክሌም። «ሰባ ሦስት ትሆኛለሽ።»
«ማን ይቆጥራል?»
«እኔ እቆጥራለሁ» አለ።