የዘቀጠው ድልድይ

ማርች 4
ዝናብ። የጀልባዋን ወለል ጠረግሁ። ከቦዮች ቢሮ ደብዳቤ መጣ... ቅርንጫፍ ቦያችን ይደፈናል። ምክንያት? ሦስት ዓመት ጀልባ አላለፈበትም። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ጀልባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካለፈበት ግን አይደፈንም።
እኔ ጀልባ የለኝም እንዴ?

ማርች 6
ቢሮ ሄድኩ። ሹሙ ፐርስሎ ይባላል፤ ልጅ እግር ነው።
«ሚስተር ትራንተር፣ ቦዩ እኮ የብስክሌት መጣያ ሆኗል።»
«ብስክሌቱን ቦዩ ነው የጣለው?»
«በሰባ ስድስት ዓመትዎ አርፈው አይቀመጡም?»
የቦዩን ታሪክ የጻፍኩበትን ደብተር ዘረጋሁለት። ቅድመ አያቴ ቦዩ ውሃ እንዳያሰርግ የወለሉን ጭቃ ከብት እየነዳ ያስረገጠ ሰው ነው። ፋብሪካው ሁሉ በከሰል ቆመ፤ ከሰሉ በቦይ መጣ። ያለ ቦይ ቢርሚንግሃም ምን ነበረች? ፐርስሎ አንድ ገጽ አልገለጠም።
«ትምህርትዎ እስከ ስንት ነው?»
በስምንት ዓመቴ ጀልባ የሚጎትት ፈረስ እነዳ ነበር አልኩት። ማንበብ ያስተማረኝ በየድልድዩ የተጻፈው ስም ነው።

ማርች 28
ነገ እንነሳለን። መሪውን እህቴ ኬዚያ ትይዛለች።
«ጭነት አድርግባት፣ ዝቅ ትበል» አለችኝ። «ከሥሩ ከሰል ቆፍረው ቆፍረው ድልድዩ ዘቅጧል።»
«ውሃው አንሷል፤ ከከበደች ወለሉን ትነካለች። ባዶ ትሄዳለች።»
«የሰፈሩን ሰው ለምን አትጠራም?»
እነዚያን? ሲስቁብኝ የከረሙትን? ሰው አልለምንም።
«አንተ ማወቅስ ታውቃለህ። መስማት ነው የማታውቀው።»

ማርች 29
ባዶ ጀልባ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል... ድልድዩ ሥር ጣራዋ ተቀረቀረ። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ፐርስሎ ከዳር ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ከላይ ሰፈሩ በሙሉ ተንጠልጥሎ ይስቃል።
«አድሚራል! ሰመጥክ እንዴ?»
«መስመጥ ቢችልማ ያልፍ ነበር!» አለች ኬዚያ።
እውነቷን ነው። ክብደት ነው የጎደለን።
ባርኔጣዬን አወለቅሁ። «ውረዱና... ተሳፈሩልኝ።»
ሥጋ ሻጯ ዶርካስ፣ የሰፈሩ ወፍራም፣ «በክብደቴ የምፈለግበት ቀን መጣ!» ብላ ወረደች። ተከተሏት። ግማሹን ከፊት፣ ግማሹን ከኋላ ደረደርኳቸው። ጀልባዋ በጣት በጣት ዝቅ አለች። ከላይ ድንጋይ ይፍቃታል፣ ከታች የቅድመ አያቴ ጭቃ። ሞተሩን አስነሳሁ። «ጭንቅላት ዝቅ!»
አለፈች።
ቦዩ ጫፍ ስንደርስ ፐርስሎ ፈረመ። እጁን ዘረጋልኝ፤ አልጨበጥኩትም።

ኤፕሪል 2
ታሪኩን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ አንድ ገጽ ጨመርኩ፤ የሃያ ሦስት ተሳፋሪዎች ስም። ዶርካስን አስቀደምኩ። ከሥሩ፦ «ኬዚያ ትክክል ነበረች።» በአፌ ግን አልነግራትም።
ሰፈርተኞቹ ቅዳሜ ብስክሌቶቹን ከቦዩ እናውጣ ብለው መጡ። እኔ ሳልጠራቸው።
ፐርስሎ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍ። ከእንግዲህ ባዶ አንሄድም።