ከበራችን መስመር በላይ

ልጄ ኦምብሊን፣ ሐውልቷ ድልድያችን ላይ የቆመው እመቤታችን በካናዳ ብርድ ውስጥም ትጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ የሰፈሩ ዳክዬ እንኳ ሁሉም ተርፏል!

ማክሰኞ ግን ወንዙ፣ ቅድመ አያትሽ በዘመናቸው የጎርፍ ልክ ብለው በራችን ድንጋይ ላይ የቀረጹትን መስመር በአንድ ስንዝር አለፈው። እኛ «ከዚያ አያልፍም» ብለን ፎቅ ላይ ሾርባችንን እየጠጣን ነበር። ወርጄ ባይ፣ አባትሽ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በመሮና በመዶሻ አዲስ መስመር ይቀርጻል።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ውጣ!»

«ውሃው ከጎደለ በኋላ ማን ያምነኛል?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ክንዱን ይዤ ወደ ደረጃው ጎተትኩት። የተራራው በረዶ ገና አልቀለጠም፤ ሲቀልጥ ወንዙ እንደገና ይሞላል፤ አባትሽ ደግሞ «አሁን ልኩን አውቀነዋል» ብሎ ንቅንቅ አልልም ይላል።

አንቺን ይሰማሻልና፣ እስከ ፋሲካ ኮረብታው ላይ አክስትሽ ማርሴሊን ቤት እንድንከርም ለምኚልኝ። እኔ እንደጻፍኩልሽ ግን እንዳትነግሪው። አምላክ ከጎርፍም ከእልከኛ ባልም ይሰውርሽ።

እናትሽ