አንድ ጉንጭ ውሃ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን
ከፀጉር ቤቱ

ለድምቡሼ አባት፣

ሰላምታዬን ባለህበት ተቀበለኝና ቶሎ ወደ ወሬው ልግባ፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ልጅህ ተናገረች! እልል በል! ደንበኛዬን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ ስለምቸኩል በጽሑፌ እንዳትስቅ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ያው እንደለመድነው ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ነገ ወደ አንተ በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ።

አንተ ለሥራ ከሄድክ ወዲህ ልጅቷ አፏን መለጎሟን ታውቃለህ። ትምህርት ቤቱ ወደ አንዲት የልጆች አማካሪ ላከን። ልጅ እግር ናት፤ ሳያት "ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች?" ብዬ ነበር። ድምቡሼን "እንዴት ነሽ?" ስትላት እኔ "ደህና ናት" እላለሁ። "እንቅልፍስ ይወስድሻል?" ስትላት "ኧረ ትተኛለች፣ ምግብ ነው እንጂ..." እኔው! ሦስት ጊዜ ሄደን እንዲሁ ሆነ። መቼም ታውቀኛለህ፤ ቀኑን ሙሉ ከመቀስ እኩል የምትሠራ ምላስ እንዴት ብላ ትረፍ?

ትናንት ግን አማካሪዋ ብርጭቆ አቀበለችኝና "እናቴ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ይያዙልኝ፤ እሷ ሳትጨርስ እንዳይውጡት" አትለኝም? ጉድ እኮ ነው! ጉንጬን ነፍቼ ቁጭ ስል ድምቡሼ አየችኝና በሳቅ ፍርስ አለች። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ሳቋ ሳያልቅ ልቅሶ መጣ።

"አባዬ የሄደው በእኔ ነው" አለች። "ሲጨቃጨቁ በሩን ከፍቼ 'አንተ ብትሄድ ይሻለናል' አልኩት። በሳምንቱ ሄደ።"

ወይ ጉዴ! ውሃው በአፍንጫዬ ሊወጣ ምንም አልቀረው። "አይደለም የኔ እናት!" ልል ስል አማካሪዋ በእጇ "ይቆዩ" አለችኝ። መትፋት የለ፣ መዋጥ የለ፤ እንባዬ ብቻ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ ግን ተናገረች፣ ተናገረች፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው! ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ስለ ክፍሏ ልጆች ስትለፈልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር። ደስታዬን እንዴት አድርጌ ልንገርህ!

እቤት ስንደርስ አቅፌ "በአንቺ አይደለም" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አላመነችኝም። አማካሪዋም ብላኛለች፦ "ከአባቷ አፍ ካልሰማች አይወጣላትም።" ለምን እንደሄድክ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ይህች አንድ ፍሬ ልጅ ግን የእኛን ጣጣ ብቻዋን ተሸክማ ከረመች።

ስለዚህ እሁድ ስትደውል "እንዴት ናት?" ብለህ እኔን እንዳትጠይቀኝ። ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። አትምከራት፣ አትቆጣት፤ አስጨርሳትና እውነቱን ንገራት።

ደንበኛዬ "ተቃጠልኩ!" እያለች ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ። ከክፉ ይሰውርህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ ብርዱንም ያቅልልህ።

እሁድ እኔ አጠገቧ ነኝ፣ ውሃዬን ይዤ። እሷ ስትጨርስ ግን ስልኩን እንዳትዘጋው፤ ውሃውን ውጬ እኔም የምልህ አለኝ።

ያቺው ለፍላፊህ